የቅርበት መግለጫ ቅጽ

«የለኝም» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማውን ከወለደችው እናቱ በላይ አውቀዋለሁ።

ያየሁት የሰው ሀብት አስተዳደር መስኮት ላይ ቆሜ ነው። የመጣሁት የሁለተኛ ዲግሪዬን ኮፒ ከዋናው ጋር አመሳክሬ ላስገባ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አንድ ሌክቸረር፣ ለአስተዳደር ሥራ ደግሞ ሦስት ሠራተኞች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ካወጣ ወር ሊሞላው ነው። ለሌክቸረርነቱ አርባ አንድ ሰው አመልክቶ አራት ቀርተናል። የመዝገብ ቤቷ ሴት ፋይሌን ከፍታ ኮፒዬን ልታያይዝ ስትል ስልኳ ጮኸ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታወራ ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተዘርግቶ ቀረ። እኔ ደግሞ የተዘረጋ ወረቀት ሳላነብ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ከላይ ያለው የቅርበት መግለጫ ቅጽ ነው። የቅጥር ኮሚቴው ሰዎች ስለ እያንዳንዱ አመልካች ይሞሉታል። «ከአመልካቿ ጋር የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም ሌላ ቅርበት አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሚቴው ጸሐፊ የ«ለ»ን ቀኝ እግር እንደ ልማዱ ወደ ታች ረዘም አድርጎ «የለኝም» ብሏል።

ጸሐፊው ማለት የኔ ሰው ነው፤ እዚሁ የፋኩልቲው የሰው ሀብት ክፍል ይሠራል። እኔ ስልክ በቅጡ በማይሠራበት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት፣ በየሳምንቱ አርብ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር። መቶ አርባ ሁለት ደብዳቤ አለኝ። ያ እግሩ የረዘመ «ለ» በሁሉም ላይ አለ፤ «የኔ ዓለም» ሲለኝም በዚያው ነበር የሚጽፈው።

የመዝገብ ቤቷ ሴት ስልኳን ጨርሳ ስትዞር ፋይሉን ዘግታ ፈገግ አለችልኝ። «ነገ የማሳያ ትምህርትሽ ነው አይደል? ይቅናሽ» አለችኝ። ኮፒዬን ትቼላት ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። ሁለት ሳጥን ፋይል ታቅፎ ከስብሰባ ክፍሉ ሲወጣ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ግራ ቀኙን አይቶ፣ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ፣ «ጠመኔ!» አለኝ ቀስ ብሎ። ቅጽል ስሜ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ የመማሪያ ክፍል ስትጠርግ እየተከተልኩ የወዳደቀ ጠመኔ ለቅሜ የቤታችንን በር እሞነጫጭር ስለነበር ያወቀኝ ሁሉ በዚህ ነው የሚጠራኝ።

«ቅጹን አየሁት» አልኩት።

የቱን ቅጽ ብሎ አልጠየቀኝም። በፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሄደ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «አለኝ ብዬ ብጽፍ ከኮሚቴው እወጣለሁ። በኔ ቦታ የሚቀመጠው እናቴ የምትመርጠው ሰው ነው። ቃለ ጉባኤውን እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው ማን ያውቃል? ነጥብሽን ማን ይጠብቅልሻል?»

«ነጥቤን ራሴ እጠብቃለሁ። ዘበኛ ሁነኝ አልኩህ?»

«ደግሞ ለእናቴ በደህና ጊዜ ልነግራት ነው። ትንሽ ታገሺኝ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ያለሽኝ አንቺ ነሽ› ስትለኝ ከርመህ፣ ማህተም ያለበት ነገር ሲጠይቅህ የለኝም?»

«ወረቀት ነው እኮ...»

«አንተ እኮ ከወረቀት ሌላ ሰጥተኸኝ አታውቅም! የወደድከኝ በወረቀት ነው። የናፈቅከኝ በወረቀት ነው። ያን ሁሉ ካመንኩህ፣ ይሄኛውን ለምን አላምንህም?»

ያን ጊዜ ከደረጃው የጫማ ተረከዝ ድምፅ መጣ። እናቱ ናት፤ የፋኩልቲው ዲን። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው የጫማዋን ድምፅ ሰምቶ ቀበቶውን የሚያስተካክልላት ሴት ናት። የኔ ሰው ሳጥኖቹን እንደታቀፈ ሁለት እርምጃ ከአጠገቤ ራቀ። አስቦበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እግሩ ለምዶት ነው። እሱ ደግሞ ከቅጹ ይበልጥ አመመኝ።

ዲኗ ጫማዬን አየች፤ ከዚያ ቦርሳዬን፤ ፊቴ ጋ አልደረሰችም። «ልጄ፣ የአስተዳደር ሥራ የምታመለክቱት በዚያኛው መስኮት ነው» አለችኝ።

«ለሌክቸረር ነው ያመለከትኩት፣ ዶክተር። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አዳራሽ አራት። ማሳያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አለፈች። እኔም ሄድኩ። እሱ በሁለታችን መካከል ቆሞ ቀረ፤ ይቁም አልኩ በልቤ። ዓይኔ ግን ከሕንፃው እስክወጣ ወደሱ መዞሩን አልተወም።

ቤት ስደርስ እናቴ ከሥራ ተመልሳ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን በሳፋ ነክራ እያሸች ነበር። አዳራሽ አራትና ያ ኮሪደር ያለበትን ሕንፃ ስትወለውል ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልብስ ስታጥብ ሰው ሲያናግራት አትወድም፤ እኔ ግን በሩን ሳልዘጋ ጀመርኩ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ደብዳቤዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣሁና፣ ነገ ጠረጴዛው ላይ እበትንለታለሁ አልኩ። ፈሪ አልኩት። የእናቱ ልጅ አልኩት። ከዚያም ድምፄ ተሰበረና፣ «እማ፣ ካደኝ። በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ፈርሞ ካደኝ» አልኳት።

እናቴ ልብሱን ጨምቃ ሳፋው ጠርዝ ላይ አደረገችው። እጇን በሻርፕዋ ጫፍ አደረቀች።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔስ ምን?»

«አንቺስ በቅጽሽ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

አመልካችም የሚሞላው ቅጽ አለ። ከፎቶው ሥር፣ ከአድራሻው ቀጥሎ፣ «በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የቅርብ ዘመድ አለዎት?» ይላል። እኔ ቆንጆ አድርጌ፣ ሳላቅማማ፣ «የለኝም» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

«ለአንቺ ብዬ...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። አፌ ውስጥ የመጣው የሱ ቃል ነበር። ቃል በቃል የሱ።

«ባለፈው ሰኞ መስኮቱን ክፍት ትተውት ሄደው ንፋስ ወረቀቱን ሁሉ ወለል ላይ በትኖታል» አለች እናቴ። በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሳሳትም። «ስለቅም ፎቶሽን አየሁ። እንዴት ያምራል መሰለሽ! እያየሁት ሳለ ከሥሩ ያለውንም አነበብኩት። ከዚያ አስተካክዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩልሽ።»

«ስምንት ቀን ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? ልብሽን አውቀዋለሁ። የጽዳቷ ልጅ ከሚሉሽ ብለሽ ነው። ይቅጠሩሽ እንጂ እኔ የትም አልሄድም አልኩ።» ልብሱን እንደገና አንስታ መጨመቅ ጀመረች። «ግን አልዋሽሽም፤ የዚያን ቀን ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። የመጀመሪያውን ረስቼው።»

ሄጄ እጇን ያዝኩ። እርጥብ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ልጅ ሆኜ ጠመኔ የለቀምኩት ይህን እጅ ተከትዬ ነው።

«አርመዋለሁ» አልኳት።

«ተይ፣ ይሰርዙሻል። ከሥሩ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ከውድድሩ ይሰረዛል ይላል።»

«ይሰርዙኝ።»

«ለዚህ ስንት ዓመት ለፋሽ!»

«እማ፣ አንቺን ክጄ የማገኘው ወንበር ላይ አልቀመጥም። ብቀመጥም አይደላኝም።»

ተቆጣች፤ ጮኸች፤ ግትር የአባትሽ ልጅ አለችኝ። በመጨረሻ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብሷን ስታሰጣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቤ ወደ አልጋው ሥር መለስኳቸው። በሱ ላይ የነበረኝ ንዴት አልጠፋም፤ ብቻ እሱን ሳስብ የራሴን ፊት ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሽ አራት ጢም ብሎ ነበር። የሚያስተምር ሰው ሲፈተን ማየት የማይወድ ተማሪ የለም። ከፊት አምስቱ የኮሚቴ አባላት ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሽማግሌ ፕሮፌሰር። ከአምስቱ ተለይቶ በግራ ጥግ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ አቀርቅሯል። ዓይኑ ያበጠ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዲኗ። የኋላው በር ላይ ደግሞ፣ መውጣት ሲገባት ያልወጣች፣ ባልዲዋን አጠገቧ ያስቀመጠች እናቴ።

የተሰጠኝ ርዕስ ሳሙና ነው። ጠመኔ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ከመጀመሬ በፊት በቅጼ ላይ አንድ እርማት አለኝ» አልኩ። «በዩኒቨርሲቲው የሚሠራ የቅርብ ዘመድ የለኝም ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። እናቴ ይህን አዳራሽ ሃያ ስድስት ዓመት ያጸዱት ሴት ናቸው። እነሆ ቆመዋል። እናንተ የተቀመጣችሁበትን ወንበር ዛሬ ንጋት ላይ የወለወሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን የደበቅኩት አፍሬ ነበር። አሁን የማፍረው መደበቄን ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«የሚያስከትለውን ያውቃሉ?»

«ከቅጹ ግርጌ አንብቤዋለሁ።»

«እሺ። ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።»

ጸሐፊው አልጻፈም። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ተነሳ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህን እኔ መጻፍ አይገባኝም።»

«ለምን?»

«እኔም ሐሰት ፈርሜያለሁ። ከአመልካቿ ጋር ቅርበት የለኝም ብያለሁ። አለኝ።»

«ምን ዓይነት ቅርበት?»

ወደኔ አላየም። እናቱን ነበር የሚያየው፤ ልጅ እናቱን እንደሚያይ ሳይሆን ሰው ሰውን እንደሚያይ። «እወዳታለሁ» አለ። «እሺ ካለችኝ ላገባት እፈልጋለሁ። ሦስት ዓመት በደብዳቤ ነግሬያታለሁ፤ በአፌ ግን ሰው ፊት አንድ ቀን ስሟን አልጠራሁም። እናቷ በወለወሉት ወለል ላይ በየቀኑ ስመላለስ፣ እንደምን አደሩ ለማለት እንኳ ግራ ቀኙን አይ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አላይም።» ወደ ኋላው በር ዞረ። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ?»

እናቴ ባልዲዋን እንደያዘች ጎንበስ አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ አንተስ እንዴት አደርክ?»

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጭብጨባም ተቀላቀለበት። እኔ አልሳቅኩም።

ዲኗ ብድግ አለች። «ይህ የቅጥር አዳራሽ ነው ወይስ የሰርግ?»

«የቅጥር ነው፣ ዶክተር» አልኳት። «ለዚህ ነው ውሸቱን ያስወጣነው። ልጅዎ ዛሬ ያደረገውን ለማድረግ ዲግሪ አይበቃም። ይኮሩበት እንጂ አይቆጡት።»

ፊቷ ቀላ፤ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ከአራቱ አባላት ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥሞ ደንቡን አገላበጠ። ያ ጊዜ እንዴት ረዘመ! በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ። ምዘናው ሳይጀመር በራሱ አንደበት ያረመ ሰው አይሰረዝም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ፋይሌ ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው አሁኑኑ ቃለ ጉባኤውን አስረክቦ ይወጣል። የሁለታችንም መግለጫ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ለሦስት ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ እስከዚያ ሁለታችን እንዳንነጋገር።

አስረክቦ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ የሰብሳቢውን ትእዛዝ ጠብቆ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እኔ ግን አየሁት። እስኪወጣ ድረስ አየሁት።

«አመልካች፣ ሃያ ደቂቃ አለዎት» አለ ሰብሳቢው።

«እማ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ባልዲሽን ታውሺኝ?»

እናቴ በወንበሮቹ መሀል ወደ ፊት መጣች። ባልዲው ሲጠጋ አምስቱም የኮሚቴ አባላት ሳያስቡት እግራቸውን ከፍ አደረጉ። እሷ ሳቀች፤ እነሱም ባደረጉት ነገር አፈሩ። ውኃው ላይ ከቤት ይዤ ከመጣሁት ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ ለብቻው ተንሳፈፈ። ከዚያ የእናቴን ሳሙና ጨመርኩበትና በመወልወያው እንጨት አማሰልኩት። የሳሙና አንዱ ጫፉ ውኃን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን፤ ሁለቱም ጋ እጁን ይሰዳል፣ አንዱንም አይክድም። ሥራው የሚሠራው በዚህ ነው አልኩ። ጠመኔ አንስቼ ሳልኩላቸው። እስክጨርስ ድረስ እናቴ ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሂጂ ያላትም የለም።

መግለጫዎቻችን ተለጠፉ። ሰሌዳው የታችኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ መስታወትና ቁልፍ ያለው ነው። በመኪና ማቆሚያ ማሳሰቢያና የአስተዳደር ሥራ ፈተና ባለፉት ሰዎች ዝርዝር መካከል ከኔው ጎን የሱ ወረቀት ተሰቅሏል፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አለው። «የቅርበቱ ዓይነት» በሚለው ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «ላገባት የምፈልጋት ሴት ናት። እስካሁን ያልጠየቅኳት በፍርሃት ነው። ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ ይቅረብ፤ እኔ ግን ሐሳቤን አልቀይርም።» መቶ አርባ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹን ማንም አላነበባቸውም፤ ይህን ግን ዩኒቨርሲቲው በሙሉ፣ ዘበኞቹ ሳይቀሩ ተሰልፈው አነበቡት።

መስታወቱን በየጠዋቱ የምታጸዳው እናቴ ናት። ሦስቱንም ቀን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርጋ አሸችው። በሦስተኛው ቀን ዲኗ መጥታ ከጎኗ ቆመች።

«ይህን ወረቀት አንሺው» አለቻት።

«ቁልፉ የለኝም፣ እመቤቴ» አለች እናቴ ጨርቋን ሳታቆም። «እኔ የማጸዳው መስታወቱን ነው። የልጅዎን ጽሑፍ ሰው በደንብ እንዲያነበው።»

ዲኗ ብዙ ቆመች ትላለች እናቴ። ሁለት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም። ከዚያ ሄደች። ተቃውሞ ያቀረበ የለም።

በአራተኛው ቀን ውጤት ወጣ። ከአራቱ አንደኛ ሆኛለሁ፤ ለስድስት ወር የሙከራ ቅጥር። እሱም ውጤቱን አገኘ፤ ስለ መጀመሪያው ፊርማው የደመወዝ ቅጣትና ዝውውር። ከሰኞ ጀምሮ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ቅርንጫፍ ግቢ፣ ንብረት ክፍል። ትእዛዙ ላይ የፈረመችው እናቱ ናት። አሁን ደግሞ እሱ ነው ሩቅ የሚሄደው።

የቅጥር ቅጽ ልሞላ ወደዚያው መስኮት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴት አልነበረችም። ከመስታወቱ ኋላ እሱ ቆሟል፤ ቁልፎቹን ለማስረከብ ከጣቱ እያወጣ ነው። የመጨረሻ ቀኑ ነው። ሦስቱ ቀን አልፏል፤ መነጋገር ይፈቀድልናል፤ ግን አልተነጋገርንም። ቅጹን በመስኮቱ አሳልፎ ሰጠኝ፤ ጣቶቻችን ሳይነካኩ ቀሩ። ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል።

ያው ጥያቄ አለበት። «በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ወይም የቅርብ ሰው አለዎት?» ለመልሱ የተተወው መስመር አንድ ብቻ ነው። አልበቃኝም፤ ከሥሩ ሌላ አሰመርኩ።

በመጀመሪያው ላይ፦ «አለኝ። እናቴ፤ የዚህ ሕንፃ የጽዳት ሠራተኛ።»

በሁለተኛው ላይ የ«ለ»ን እግር እንደሱ ረዘም አድርጌ፦ «አለኝ። የማገባው ሰው፤ ንብረት ክፍል። የትም ቢያዛውሩት።»

በመስኮቱ መለስኩለት። አነበበው። ቀና ብሎ ሳይደበቅ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ አየኝ፤ ዓይኑ ሞልቷል።

«ይሄ እኮ ፋይል ውስጥ የሚገባ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ተቆራርጦ።

«ይግባ» አልኩት። «ማህተም ምታበት።»

ማህተሙን አነሳ። ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፈው ድምፁ የተሰማኝ ግን ከጠረጴዛው አልነበረም፤ ከደረቴ ነበር።